ዘጠና ሚሊ ሊትር

ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ሳድል ኖሬ፣
ጉልበቴ ቢከዳኝ ሥራዬን ቀይሬ፣
በኔብራስካ ሜዳ፣ ከኮሌጅ ኮሌጅ፣
ሽንት አያለሁ እኔ። አትሳቅ፣ ወዳጅ፤
ይኼም ሥራ ሆኖ ይከፈልበታል፣
የሚያየውም፣ የሚታየውም፣ አንገት ይደፋበታል።

ሕጉ አጭር ነው፦ ልጁ ሸሚዙን ይሰበስባል፣
ቁምጣውን እስከ ጉልበት ዝቅ ያደርጋል፣
እኔ ከጎኑ ነኝ፣ ዓይኔን ሳልመልስ፣
ዘጠና ሚሊ ሊትር ጽዋው እስኪደርስ።
አንዱ እምቢ ሲለው ቧንቧ ያስከፍታል፣
አንዱ ስለ በረዶ፣ ስለ በቆሎ ዋጋ ያወራል፤
ዌንደል ኩቼራ ግን፣ ያን ማክሰኞ ጧት፣
ግድግዳውን እያየ ቆመ ብዙ ሰዓት።
ትግል ነው ስፖርቱ፤ ሰባ አምስት ኪሎ፤
ጆሮው እንደ ጎመን አብጦ ተጠቅልሎ፤
ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል።
«ዘንድሮ ካሸነፍኩ» አለኝ፣ «ትምህርቴ ይከፈላል።»

ሳልጠይቀው ደግሞ፣ እጁን እያጠበ፣
«ዱቄት እጠጣለሁ» አለኝ እያሰበ፤
«ሐብሐብ ሐብሐብ ትላለች፣ ጠዋት በውኃ በጥብጬ፤
ችግር አለው እንዴ?»
            ዝም አልኩኝ፣ ተቀምጬ
ማኅተም እያተምኩ። ቅጹን አገላብጬ
ባየው፣ ለዱቄት የሚሆን ቦታ የለውም።
ለጥያቄ መልስ መስጠትም የእኔ ሥራ አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤው ደረሰው።
ስንቱን እንዲህ ያለ ወረቀት በዘመኔ
በሰው በር ከተትኩት፣ በቀጭኗ ስንጥቅ፣
ውስጡን ሳላውቅ!

ጣሳዋ ላይ ያለው የአበባ ስም ነው፤
«ከተፈጥሮ የተቀዳ» ይላል ከሥሩ የተጻፈው።
ቤተ ሙከራው ግን አበባ አላገኘም፤
ያገኘው ልብ የሚያስጋልብ ነው፣ ጣሳው ያልጠራው ስም።
ሣሩን እንጂ ገደሉን አላየም ይባላል ስለ በሬ፤
ገደል አፋፍ ላይ ሣር የሚተክለውስ ምን ይባላል ዛሬ?

ይግባኙ በስልክ ነው። እኔም ተጠራሁኝ።
«ማኅተሙ ተነክቷል?»
            «አልተነካም» አልኩኝ።
እውነት ነው። ግን እውነት ልጁን መች አዳነ፣
ሕጉ «አፍህ የገባ ሁሉ ያንተ ነው» እስከሆነ።
«ማን ገዛው?» አሉት።
            «እኔ። ራሴ። ከሱቅ።»
ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ትንሽ ብቻ፣ ደረቅ።

ደረሰኙን ላከ፤ ለሁላችን ደረሰ።
እኔም በልማዴ እስከ ታች አነበብኩት፦
አንድ ጣሳ። የገና ዋዜማ፣ ማታ።
የሠራተኛ ቅናሽ፣ አሥራ አምስት በመቶ።
የቅናሽ ካርዱ ስም፦ ማርሊስ ኩቼራ።

እናቱ ናት። በዚያው ሱቅ፣ አራተኛው መስመር ላይ፣
አሥራ ሁለት ዓመት ካሸር ሆና ቆማ፣
ለገና የሚያስደስተውን ስትፈልግ ከርማ
አበባዋን አይታ አመነቻት።

ማየት ነው ሥራዬ፤ ለዚህ ነው ደመወዜ፤
ስልኩ ላይ ግን ዝም አልኩ፣ ደረሰኙን ይዤ።
እሱም ዝም አለ። አንድ ዓመት ተቀጣ።
ማንም አልጠየቀ ካርዱ ከየት እንደመጣ።

በመጋቢት ወተት ልገዛ ገባሁኝ።
ዱቄቷ መደርደሪያው ላይ ናት፦ ሁለት ለገዛ አንድ በነጻ።
ማርሊስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ትከሻው የሰፋ አንድ ልጅ ያመጣላትን ጣሳ
አገላብጣ አገላብጣ ታነባለች፤
እንደገና መነጽሯን አውርዳ ታነባለች።
ሰልፉ ቆሟል። ከኋላዬ አንዱ ይነጫነጫል።
«የየትኛው ኮሌጅ ነህ፣ ልጄ?» ትለዋለች።

ወተቴ እጄን አቀዘቀዘው።
እኔ ግን እንደ ሥራዬ፣ ዓይኔን ሳልመልስ፣
ቆሜ እጠብቃለሁ
ማሽኑ «ቲት» ይል እንደሆን።